የትሪው ግራ ጎን፦ ከስትሮክ በኋላ እይታ ሲዛባ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

አባባ ከሆስፒታል ከወጡ ሁለት ሳምንት ሆኗቸው ነበር። እጃቸው መላወስ ጀምሯል፣ ንግግራቸው ተስተካክሏል፣ እኛም «ተመስገን» ብለን ተቀምጠናል። አንድ ቀን ሁላችንም ጉዳይ ነበረንና ምሳ ለብቻቸው ቀረበላቸው። ስመለስ ትሪው ላይ ያለው እንጀራ በቢላ የተከፈለ ይመስል ልክ እኩሌታው ላይ ቆሟል። ቀኙ ጥርግ ተደርጎ ተበልቷል። ግራው ጎመኑም ሽሮውም እንዳለ ነው።

«አባባ፣ አልጣፈጠዎትም እንዴ?»

«ኧረ ጨርሻለሁ። ካለ ጨምሩልኝ።»

ምንም ሳልናገር ትሪውን አዞርኩት። ግራው ቀኝ ሆነ። ትኩር ብለው አዩት። «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?»

ሁለት ሳምንት ሙሉ ለምን እንዳልነቃን ያኔ ገባኝ። አንድ ትሪ ከብበን ስለምንበላ ግራውን እኛ ስንበላላቸው ነው የሰነበትነው። ሳህን ለየብቻ በሚቀርብበት ቤት ቢሆን በመጀመሪያው ምሳ ይታወቅ ነበር።

የአባባ ዓይን ጤነኛ ነው። የተጎዳው ዓይን የላከውን የሚያነበው አንጎል ነው። ብዙ ቤተሰብ ከአንዱ መነጽር ቤት ወደ ሌላው የሚንከራተተው ይህን ባለመለየቱ ነው። እኛም ሁለት መነጽር ገዝተናል። ሁለቱም መሳቢያ ውስጥ ተኝተዋል።

ከዚህ በታች ያለው ከሐኪሞች፣ ከፊዚዮቴራፒስቷ እና ከራሳችን ስህተት የለቀምነው ነው። ሐኪማችሁን አይተካም። ከቀጠሮ እስከ ቀጠሮ ባለው ጊዜ ግን ቤት ውስጥ የምትሠሩት አታጡም።

ከሁሉ በፊት፦ ነገሩ ዛሬ የጀመረ ከሆነ

ይሄን ማንበብ አቁሙና ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ድንገት የሚያየው ነገር ግማሹ ከጠፋበት፣ አንድ ዓይኑ ከጨለመበት፣ ወይም ሁሉ ነገር ሁለት ሁለት ከሆነበት ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ስትሮክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የአፍ መጣመምና የእጅ መዛል ብቻ ነው። እይታን ብቻ ነክቶ የሚያልፍም አለ። ስለማያም «ነገ መነጽር ቤት ብቅ እላለሁ» ተብሎ ይታደራል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ደግሞ የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ ነው። በሁሉም ሆስፒታል አይገኝም፤ ለዚህ ነው ደቂቃው የሚቆጠረው።

ሌላም ድንገተኛ አለ። አኒዩሪዝም የሚባለው የአንጎል ደም ሥር ግድግዳው ሳስቶ እንደ ፊኛ ሲነፋ ነው። ሳይፈነዳም ዓይንን የሚያንቀሳቅሰውን ነርቭ ሊጫን ይችላል። ምልክቱ መስታወት ላይ ይታያል። አንዱ የዓይን ቆብ ይወድቃል። የዚያው ዓይን ብሌን ከሌላው ይሰፋል። ዓይኑ ወደ ውጭና ወደ ታች ይዞራል። ሰውየው ሁለት ሁለት ያያል። ይሄ ብቻውን ለድንገተኛ ክፍል ይበቃል። «በሕይወቴ እንዲህ አሞኝ አያውቅም» የሚያሰኝ ራስ ምታት ከተጨመረበት ጫማ እንኳን አትፈልጉ።

አገር ቤት የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ 939ም አለ። አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101፣ ሳዑዲ 997፣ ኤምሬትስ 998።

እየጠበቃችሁ ሦስት ነገር ልብ በሉ። አስፕሪን በራሳችሁ አትስጡ፤ ስትሮክ የረጋ ደምም የፈሰሰ ደምም ሊሆን ይችላል፣ የሚለየው ሲቲ ስካን ነው። መዋጡ ሳይታይ ውሃም ምግብም አይቅመስ። እና ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት ጻፉ። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ተናገሩ። «ጠዋት ሁለት ሰዓት» ያላችሁት «ሌሊት 2» ተብሎ ከተተረጎመ፣ ስድስት ሰዓት ከእጃችሁ ሄደ፤ መድኃኒቱም «ጊዜው አልፏል» ሊባል ይችላል።

አንድ ዓይን ላይ መጋረጃ የወረደ ያህል ጨልሞ በጥቂት ደቂቃ ቢመለስም «ተሻለኝ» ተብሎ አይቀመጥም። የስትሮክ ማስጠንቀቂያ ነውና በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

1. የጠፋው ምን እንደሆነ ለዩ

ታማሚው ሁሉንም ችግር «ዓይኔ አያይም» በሚል አንድ ቃል ነው የሚነግራችሁ። መፍትሔው ግን ለእያንዳንዱ ለየቅል ነው። ስለዚህ በዚህኛው ደረጃ አትቸኩሉ።

ከትሪው ቀን በኋላ አባባ «ግራ ዓይኔ ታውሯል» ማለት ጀመሩ። ግራ ዓይናቸውን በመዳፌ ሸፈንኩት። ከፊታቸው ግራ በኩል ያለውን ወንበር አላዩትም። ቀኙን ሸፈንኩት። አሁንም ወንበሩ የለም። ችግሩ የአንድ ዓይን ቢሆን ኖሮ አንዱን ስሸፍን ወንበሩ ይመለስ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የቀኝ አንጎል ከሁለቱም ዓይን የሚመጣውን የግራ ግማሽ ያነባል፤ የግራ አንጎል ደግሞ የቀኙን። ቀኝ አንጎል ሲጎዳ ሁለቱም ዓይን ግራ ግራውን ያጣል።

ቀጥሎ የጣት ፈተና አድርጉ። ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ ጉልበት ለጉልበት። «አፍንጫዬን ብቻ ይዩ» በሉ። አንዱን ዓይኑን ይሸፍን። ጣታችሁን ከጎን፣ ከላይ በኩል አምጡና አንቀሳቅሱ። «አሁን» የሚለው የት ሲደርስ ነው? ከታችም፣ ከሌላውም ጎን ድገሙ። ከዚያ ሌላውን ዓይን ሸፍናችሁ ይኸው ይደገም። አንዳንዱ የሚያጣው ሩብ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ የላይ ግራውን። ያ ሰው የወጥ ቤት ቁም ሳጥን በር ራሱን ይመታዋል እንጂ በርጩማ አያደናቅፈውም።

አሁን ሁለት ጣት በአንድ ጊዜ፣ ከግራም ከቀኝም አንቀሳቅሱ። ግራው ለብቻው ሲመጣ እያየው፣ ሁለቱ አብረው ሲመጡ ግን ቀኙን ብቻ የሚጠራ ከሆነ ሌላ ነገር አለ። ሐኪሞች ኒግሌክት ይሉታል፤ እኔ «ችላ ማለት» እለዋለሁ። በአብዛኛው ቀኝ አንጎል ሲጎዳ የሚመጣ ነው፤ ስለዚህ የሚረሳው ግራ ነው። ወረቀት ስጡትና የሰዓት ሥዕል ይሣል። ቁጥሮቹ ሁሉ ቀኝ በኩል ከተጨናነቁ መልሱን አገኛችሁ።

የሁለቱ ልዩነት ቤት ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ግማሽ እይታው የጠፋ ሰው ይጋጫል፣ ይበሳጫል፣ ቀስ እያለ አንገቱን ማዞር ይለምዳል። ችላ የሚለው ግን የጎደለ ነገር መኖሩንም አያውቅም። ጢሙን በግማሽ ተላጭቶ ይወጣል። የሹራቡን ግራ እጅጌ ሳይለብስ ይቀመጣል። ብትነግሩት «ምን አድርጌ?» ይላል። አይዋሽም። ለአንጎሉ ያ ጎን የለም። አባባ ላይ ሁለቱም ነበሩ፤ አብረው መምጣታቸው የተለመደ ነው።

ሁለት ሁለት የሚያይ ሰው ካለ ፈተናው ቀላል ነው። አንድ ዓይን ይጨፍን። አንድ ከሆነለት ዓይኖቹ አብረው እየዞሩ አይደለም፤ ነርቭ ወይም ጡንቻ ተነክቷል። ጨፍኖም ሁለት ከሆነበት የዚያ ዓይን የራሱ ጉዳይ ነው፤ ሞራ ሊሆን ይችላል።

አኒዩሪዝም ፈንድቶ የተረፈ ሰው ደግሞ «ጭጋግ አለብኝ»፣ «ጥቁር ድር ይታየኛል» ካለ ዓይኑ ውስጥ ደም ገብቶ ሊሆን ይችላል። አልበር ቴርሶን የተባለ ፈረንሳዊ የዓይን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1900 ስለጻፈበት በስሙ ነው የሚጠራው። ብዙ ጊዜ ደሙ በወራት ውስጥ በራሱ ይጠፋል፤ ካልጠፋ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። የሚያሳዝነው፣ የነርቭ ሕክምናው ወከባ ውስጥ ዓይኑን ከፍቶ የሚያይለት ሰው ላይኖር ይችላል። እናንተ ጠይቁ።

2. ዓይን ሐኪም ጋ ይዛችሁት የምትሄዱት

ከላይ ያደረጋችሁትን በአንድ ገጽ ጻፉና ሂዱ። «ግራ በኩል በሁለቱም ዓይን አያይም» የሚል አንድ መስመር ከግማሽ ሰዓት ማብራሪያ ይበልጣል።

የምትጠይቁት የእይታ ስፋት ምርመራ ነው፤ ሐኪሞቹ ቪዥዋል ፊልድ የሚሉት። ታማሚው ማሽን ውስጥ እያየ መብራት ብልጭ ሲል ቁልፍ ይጫናል። የፊደል ሰንጠረዥ ማስነበብ ይህን አይተካም። ግማሽ እይታው የጠፋ ሰው ትንሿን ፊደል አጥርቶ ሊያነብ ይችላልና «ዓይንህ ደህና ነው» ተብሎ ይመለሳል። እኛ የገጠመን ይሄው ነው። አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ ጎንደርና ጅማ ደግሞ የዩኒቨርሲቲዎቹ ሆስፒታሎች የዓይን ክፍል አላቸው።

ደም ግፊትና ስኳር ካለ የዓይን ውስጠኛው ግድግዳም ይታይለት፤ ሁለቱ በሽታዎች እዚያም እጃቸውን ያስገባሉ። አዲስ መነጽር ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት አትግዙ። እይታው ገና እየተቀያየረ ነው። የጠፋን ግማሽ ደግሞ የትኛውም የመነጽር ቁጥር አይመልሰውም።

ስለ ጊዜው በግልጽ ልንገራችሁ። በራሱ ከሚመለሰው እይታ አብዛኛው የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ከ6 ወር በኋላ የሚታየው ስፋት ራሱ የመጨመር ዕድሉ ጠባብ ነው። በቀረው እይታ በደንብ መጠቀም ግን ከዓመት በኋላም ይለመዳል። «የጠፋውን እይታ እንመልሳለን» ብሎ ውድ ማሽን የሚሸጥላችሁ ካለ ገንዘባችሁን ያዙ።

3. አንገትና ዓይንን ወደ ጠፋው ጎን ማስለመድ

ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው። የጠፋው ጎን እስኪመለስ አትጠብቁ፤ ዓይንን ወደዚያ መውሰድ ይለመድ። ከዚህ በኋላ የምጽፈው ግራው ለጠፋበት ሰው ነው፤ ቀኙ ለጠፋበት ገልብጡት።

ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ቀይ ናስትሮ ግዙ። የትሪውን ግራ ጠርዝ፣ የጠረጴዛውን ግራ ጠርዝ፣ የበሩን ግራ መቃን ላይ ለጥፉ። ሕጉ አንድ ነው፦ «ቀዩን ሳያዩ አይጀምሩ።» ምግብ ሲቀርብ ቀዩን ፈልጎ ያገኛል፣ ከዚያ መብላት ይጀምራል። በር ሲያልፍ ቀዩን ያያል፣ ከዚያ ያልፋል። መጀመሪያ ላይ በቀን ሃምሳ ጊዜ ትናገራላችሁ። አፋችሁ ይዝላል። በሳምንታት ውስጥ ግን «ቀዩ» የምትል አንድ ቃል ትበቃለች።

ፊዚዮቴራፒስቷ በወረቀት ላይ ኮከብ እየፈለጉ የሚያከቡበት ልምምድ ሰጥታን ነበር። አባባ «እኔ ሕፃን ነኝ?» ብለው ወረወሩት። እናቴ ዝም ብላ ሰፌድ ላይ ምስር ዘረጋችና ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። «ጠጠር ልቀምልኝ» አለቻቸው። ወንድ ልጅ ምስር ሲለቅም ትንሽ ቢያጉረመርሙም ጀመሩ። ሰፌድ ክብ ነው፣ ግራ አለው፣ ጠጠሩ ተደብቋል፣ ሥራውም የእውነት ሥራ ነው። እናቴ ቀኙ ካለቀ በኋላ «ግራው ላይ አራት አለ» ትላለች። ራሷ ነበረች የምታስቀምጠው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድም አላገኙም። ከዚያ ሰፌዱን ማዞር ጀመሩ። ተንኮል ነው ብለን ልንከለክል ነበር፤ ቴራፒስቷ «ተዉአቸው፣ የጎደለ መኖሩን አወቁ ማለት ነው» አለችን።

ምስር ለማይወደው ሌላም አለ። አሥር ሲኒ ጠረጴዛ ላይ በትኑና በጣቱ እየነካ ይቁጠር። ካርታ በአራት መስመር ደርድሩና «ንጉሦቹን አውጣ» በሉት። ገበጣ ለሚያውቅ ገበጣ። በቀን ሁለት ጊዜ 15 ወይም 20 ደቂቃ ይበቃል። ሲደክመው አቁሙ፤ የስትሮክ ድካም ስንፍና አይደለም፣ ያለቀ ጉልበት ነው።

ዓይኑ ወደ ግራ ሲሄድ በጥቂቱ ተሻግሮ መመለስ የለበትም። ከሚፈልገው ነገር አልፎ፣ እስከ ጫፍ ይዝለል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ እየፈለገ ይምጣ። ችላ የሚል ሰው ደግሞ ግራ እጁ ትንሽም ከተንቀሳቀሰ ከልምምዱ በፊት ጣቶቹን ያላውስ፣ ጠረጴዛውን መታ መታ ያድርግ። እጁ ሲነቃ ትኩረቱም ወደዚያ ይሳባል።

በየትኛው ጎን እንቀመጥ? ሁለት ዓይነት ምክር ትሰማላችሁ። አንዱ «ሁሉን ነገር በጠፋው ጎን አድርጉ፣ ተገዶ ይዞራል» ይላል። ሌላው «በሚያየው በኩል ሁኑ» ይላል። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ መድኃኒት፣ ውሃ፣ ስልክ፣ የሌሊት መብራት ማብሪያ በሚያየው ጎን ይሁን። ጨዋታ፣ ቴሌቪዥን፣ ቡና በጠፋው ጎን። ውሃ የጠማውን ሰው ማሠልጠኛ አታድርጉት።

4. ማንበብ

አባባ ጠዋት ጠዋት ዳዊት ይደግማሉ። ከስትሮኩ በኋላም ሳይሳሳቱ ደገሙ፤ ስለዚህ «ንባባቸው ደህና ነው» አልን። በቃላቸው ነበር የሚያውቁት። ጋዜጣ ስሰጣቸው ተጋለጡ። ፈተናችሁን በማያውቀው ጽሑፍ አድርጉ።

አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚነበበው። ግራው የጠፋበት ሰው የመስመሩን መነሻ ያጣል፤ ችላ የሚልም ከሆነ የቃሉን ራስ ይውጣል። በአማርኛ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ማፍረሻችን (እንደ «አል»፣ «አይ» ያለው) ከፊት ነው የሚመጣው። ከ«አልከፈሉም» ላይ ራሱ ሲጎመድ «ከፈሉም» ይቀራል፣ አንጎልም የቀረውን እንደሚመቸው አስተካክሎ «ከፈሉ» ብሎ ያነበዋል። የመድኃኒት ወረቀት ላይ «ከምግብ በፊት አይወሰድም» የሚል ካለ ለምን እንደምፈራ ይገባችኋል። ቀኙ የጠፋበት ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን ስለማያይ እያንዳንዱ ቃል ላይ ይንቀረፈፋል። «መጣ» ይሁን «መጣች» ወይም «መጡ» መጨረሻው ላይ ነው ያለው፤ ግሱም የዓረፍተ ነገሩ ጭራ ላይ። ዕብራይስጥና ዓረብኛ በተቃራኒው ስለሚነበቡ፣ እስራኤል ወይም ዱባይ ያለ ሰው በአንዱ ቋንቋ ተቸግሮ በሌላው ሊቀለው ይችላል። ሁለቱንም ሞክሩ።

የሚያግዘው ይሄ ነው። በገጹ ግራ ጠርዝ ከላይ እስከ ታች ወፍራም ቀይ መስመር አስምሩ፤ መስመር በጨረሰ ቁጥር ቀዩ ድረስ ይመለስ። ከሚያነበው መስመር ሥር ማስመሪያ ያስቀምጥ። ቀኙ ለጠፋበት ጣቱን ከቃሉ ቀድሞ ያስኪድ። ገጹን ሩብ ያህል አዙሮ መስመሩን ከላይ ወደ ታች ማንበብም አለ፤ እንግዳ ነገር ነው፣ ግን የሚመቸው ሰው አለ። ስልክ ላይ ፊደሉን አተልቁና መስመሩ አጭር ይሁን። መድኃኒት ግን ምንም ቢሻለው ሁለተኛ ሰው ያንብብለት።

5. ሁለት ሁለት ሲያይ

አንዱን ዓይን መሸፈን ወዲያው ያሳርፋል። ጥቁር ጨርቅ ማሰር ግድ አይደለም። መነጽር ካለው አንዱን መስታወት ላይ በከፊል የሚያሳልፍ ነጭ ስኮች ለጥፉ፤ ብርሃን ይገባል፣ ሁለተኛው ምስል ግን ይደበዝዛል። የሚሸፈነውን ዓይን ቀያይሩ፤ የትኛው ይብዛ የሚለውን ሐኪሙ ይንገራችሁ።

በአንድ ዓይን ሲታይ ርቀት ይሳሳታል። ከጀበና ሲኒ ውስጥ መቅዳት ራሱ ፈተና ነው። የጀበናውን አፍ ከሲኒው ጠርዝ አስነክቶ መቅዳት ይልመድ። ደረጃ ሲወርድ እጁ ድጋፍ ይያዝ።

ከመነጽር ላይ የሚለጠፍ ፕሪዝም የሚባል ስስ ላስቲክ አለ፤ ሁለቱን ምስል ያገናኛል። ስለ ቀዶ ሕክምና የሚወራው ብዙ ጊዜ ነርቩ ራሱ እንዲያገግም 6 ወርና ከዚያ በላይ ከተጠበቀ በኋላ ነው። ተሽሎት የነበረው ድንገት ቢባባስ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም።

6. ቤቱና መንገዱ

ቤት ውስጥ የመጀመሪያው ጠላት ዝቅ ያለ ነገር ነው፦ በርጩማ፣ ረከቦት፣ የከሰል ምድጃ። ቡና ሲፈላ ምድጃው በማያየው ጎን አይሁን። የዕቃውን ቦታ አንዴ ወስኑና አትቀያይሩት። የደረጃ ጠርዝ ላይ ደማቅ ናስትሮ። ነጭ ሲኒ ነጭ ጨርቅ ላይ አይታይም፤ ጥቁር ትሪ ላይ ይታያል። ሌሊት ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መንገድ መብራት ይኑረው።

መንገድ ላይ ሌላ ነው። እኛ አገር መኪና ቀኙን ይዞ ስለሚሄድ፣ አስፋልት ልታቋርጡ ስትወርዱ መጀመሪያ የሚመጣባችሁ ከግራ ነው። ግራው ለጠፋበት ሰው ያ ባዶ መንገድ ነው። ለንደን ላላችሁ ተቃራኒው፤ እዚያ የሚያሰጋው ቀኙ የጠፋበት ነው። አብራችሁ ስትሄዱ በጠፋው ጎን ቁሙ፤ ክርናችሁን ይያዝ እንጂ አትጎትቱት። ክዳን የሌለው ቱቦ፣ እግረኛ መንገድ ላይ የቆመ ባጃጅ፣ የሱቅ መደርደሪያ፣ ሁሉም በዚያው በኩል ናቸው።

መንዳት ይቅር። «ቀስ ብዬ እነዳለሁ» የሚለውን አትስሙ። እንግሊዝ አገር ከስትሮክ በኋላ ቢያንስ 1 ወር መንዳት አይፈቀድም፤ ግማሽ እይታው የጠፋ ሰው ደግሞ አቁሞ ለመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ አለበት። አሜሪካ በየግዛቱ ይለያያል፤ ሐኪሙን ጠይቁ።

7. የሌለ ነገር ቢያይ

አንድ ማታ አባባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ግድግዳው ላይ ልጆች ቆመዋል» አሉኝ። ፈሩ። እኔም ፈራሁ። ለጎረቤት ቢነገር ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ።

አንጎል የሚላክለት ምስል ሲቋረጥ ባዶውን ራሱ ይሞላዋል። የስዊዘርላንዱ ሊቅ ሻርል ቦኔ እ.ኤ.አ. በ1760 የአያቱን ተመሳሳይ ገጠመኝ ጽፎታል፤ አያቱ ዓይናቸው ደክሞ ሰዎችና ወፎች ይታዩዋቸው ነበር፤ አእምሯቸው ግን ሙሉ ነበር። ታማሚው ነገሩ የእውነት እንዳልሆነ የሚያውቅ ከሆነ አስረዱት፣ መብራት አብሩ፣ ዓይኑን ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅስ። ብዙ ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል። ለሐኪሙ መንገር ግን አይቀርም፤ በተለይ ግራ መጋባት፣ ትኩሳት ወይም መንቀጥቀጥ አብሮ ካለ በዚያው ቀን። ጸበል የሚሄድም ይሂድ፤ የግፊቱን መድኃኒት ግን ከኪሱ አያውጣ።

8. ለሰው ንገሩ

አባባ ከሠላሳ ዓመት ወዳጃቸው ጋር ተኳርፈው ነበር። ሰውየው ከግራ በኩል ባርኔጣ አንስቶ ሰላም ብሏቸው፣ እሳቸው ዝም ብለው አለፉ። «እያየ ዘጋኝ» ብሎ ለሰፈሩ አወራ። ሰው የሚያየው ሁለት የተከፈተ ዓይን ነው፤ እንዴት ይመን?

ስለዚህ ለጎረቤት፣ ለማኅበር፣ ለዕድር ሰው አጭር ነገር ንገሩ፦ «በግራ በኩል አያዩም። በስማቸው ጥሩና ከፊት ኑ።» ጉርሻም እንዲሁ። ከማያየው ጎን ድንገት አፉ ላይ የመጣ እጅ ሰው ያስደነግጣል። ቀድማችሁ ተጣሩ፣ ዞር ይበል፣ ከዚያ አጉርሱ። ካኮረፈ፣ ከሰው ከሸሸ፣ እንቅልፍና ምግብ ከጠላ ጠባይ ተለወጠ አትበሉ። ከስትሮክ በኋላ ድብርት የተለመደ ነው፣ መድኃኒትም አለው።

9. በወር አንዴ መዝግቡ

አንድ ደብተር ያዙ። በየወሩ መጀመሪያ፣ ያው ወንበር ላይ፣ ያው መስኮት ፊት፣ የጣት ፈተናውን ድገሙ። ጣቱ የት ሲደርስ «አሁን» እንዳለ ጻፉ። የሰዓት ሥዕል ይሣል፣ ቀን ጻፉበት። የወሩን የደም ግፊት ልኬትም እዚያው አስፍሩ። ለሐኪሙ የምታሳዩት እሱን ነው።

የአባባ የመጀመሪያው ሰዓት ላይ አሥራ ሁለቱም ቁጥር ቀኝ በኩል እንደ ታክሲ ሰልፍ ተጋፍቷል። የሰባተኛው ወር ላይ 9 ቦታውን ይዟል፣ 10 ትንሽ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ 11 ከ12 ጋር ይገፋፋል። ሁለቱን ገጽ ጎን ለጎን ከፍቼ ሰጠኋቸው። ደብተሩን ቀስ ብለው ወደ ቀኝ ሳቡት፣ አንገታቸውን አዞሩ፣ ቀዩን ጠርዝ አዩ። ከዚያ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይሄን የሣለው ማነው?»